«ጥሩ የጭንቅላት ሐኪም ጠቁሚን» ለምትሉኝ፦ አንጎሉ የተጎዳ ሰው የሚድነው በቡድን ነው



በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ መልእክቶች ውስጥ አንድ ዓይነቱ ሳምንት አይዘልም። «ዶክተር፣ አባታችንን ስትሮክ መቷቸው አይ ሲ ዩ ገብተዋል። እባክሽ ጥሩ የጭንቅላት ሐኪም ጠቁሚን።» «ልጃችን በሞተር ሳይክል አደጋ ጭንቅላቱን ተመቷል። ያለው ማስተማሪያ ሆስፒታል ነው። ወደ ግል እናውጣው ወይ?» አንዳንዱ ቤት ለመሸጥ ደላላ ጠርቷል፤ አንዳንዱ ወደ ውጭ አገር የሚልክ ወኪል እያነጋገረ ነው።

ጭንቀታችሁ ይገባኛል። የሚወዱት ሰው ዓይኑን ሳይገልጥ ሲተኛ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ይከብዳል። ስም ያለው ሐኪም መፈለግ ቢያንስ አንድ ነገር እንዳደረግን እንዲሰማን ያደርጋል። እኔ ግን ዛሬ ስለ ጥያቄው ራሱ አስተያየቴን ልስጥ። አንጎሉ በጽኑ የተጎዳን ሰው አንድ ሐኪም፣ ምንም ያህል ስም ቢኖረው፣ ብቻውን አያድነውም። የሚያድነው አልጋው አጠገብ ቀንና ሌሊት እየተፈራረቁ፣ እርስ በርስ እየተነጋገሩ የሚሠሩ ሰዎች ሲኖሩ ነው። ስለዚህ «ማን ያክመዋል?» ከማለታችሁ በፊት «ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ማን ያየዋል? ያየውንስ ለማን ይናገራል?» ብላችሁ ጠይቁ። ምክንያቴን ላስረዳ።

🔹 የመጀመሪያው ጉዳትና ሁለተኛው ጉዳት

የራስ ቅላችን አጥንት ነው፤ አይለጠጥም። እግራችን ቢያብጥ ጫማችንን እናወልቃለን። አንጎል ሲያብጥ ወይም ውስጡ ደም ሲፈስ ግን የሚሰፋበት ቦታ የለውም። ስለዚህ በራስ ቅል ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ ግፊቱ ሲጨምር ደግሞ ልብ ወደ አንጎል የሚልከው ደም መግባት ያቅተዋል። በጤናማ አዋቂ ሰው ይህ ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ከ15 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አይበልጥም። በከባድ የጭንቅላት ጉዳት ከ22 ሲያልፍ ሕክምና እንዲጀመር የሕክምና መመሪያዎች ይመክራሉ።

ሐኪሞች ጉዳቱን በሁለት ከፍለን እናየዋለን። የመጀመሪያው አደጋው በደረሰበት ቅጽበት የሆነው ነው፦ ግጭቱ፣ የደም ሥሩ መፈንዳት ወይም መዘጋት። አንዴ የሞተውን የአንጎል ክፍል ማንም ሐኪም ነፍስ አይዘራበትም። ሁለተኛው ከዚያ በኋላ ባሉት ሰዓታትና ቀናት ቀስ ብሎ የሚመጣው ነው። ኦክስጅን ያንሳል፤ የደም ግፊት ይወርዳል፤ ትኩሳት ይነሳል፤ ስኳር ይዛባል፤ በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም የሚባለው ጨው ይቀንሳል፤ አንዳንዴም ሰውነቱ ሳይንቀጠቀጥ አንጎሉ ውስጥ ብቻ የሚጥል በሽታ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ የወጣ ታዋቂ ጥናት፣ ከባድ የጭንቅላት ጉዳት ደርሶባቸው የላይኛው የደም ግፊታቸው ከ90 በታች የወረደባቸው ሰዎች የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ እጅግ ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል።

እንግዲህ አስቡት። ቀዶ ሐኪሙ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ቆሞ የፈሰሰውን ደም ያወጣል፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ታካሚ ይሄዳል። መሄድም አለበት። ከእሱ በኋላ የሚቀሩት 20 ምናምን ሰዓታት የማን ናቸው? ሁለተኛው ጉዳት የሚመጣው በእነዚያ ሰዓታት ነው።

🔹 አልጋው አጠገብ እነማን አሉ?

ነርሷን አስቀድማለሁ። በየሰዓቱ ትንሽ ባትሪ ይዛ ሁለቱን የዓይን ብሌኖች ታያለች። አንዱ ሰፍቶ ለብርሃን አልጠብም ካለ በውስጥ ግፊት እየጨመረ ሊሆን ስለሚችል ያኔውኑ ሐኪም ትጠራለች። የንቃት ደረጃውንም ትለካለች። «ጂ ሲ ኤሱ 8 ነው» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ይህ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1974 በስኮትላንድ ግላስጎው ከተማ ግራሃም ቲስዴልና ብራያን ጄኔት በተባሉ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች የወጣ ነው። ሦስት ነገሮችን ብቻ ይጠይቃል፦ ዓይኑን ይገልጣል? ይናገራል? ሲታዘዝ ወይም ሲነካ ይንቀሳቀሳል? ውጤቱ ከ3 እስከ 15 ነው። ምንም ውድ መሣሪያ አይፈልግም፤ የሚፈልገው በየሰዓቱ የሚለካና የሚመዘግብ ሰው ነው። የአልጋውን ራስጌ 30 ዲግሪ ገደማ ከፍ ማድረግ፣ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ከጉሮሮ አክታ መምጠጥም የእሷ ሥራ ነው።

የጽኑ ሕሙማን ሐኪሙ ወይም የሰመመን ሐኪሙ መተንፈሻ መሣሪያውን ይቆጣጠራል። መሣሪያውን አብርቶ መሄድ ብቻ አይምሰላችሁ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከልክ በላይ ከወጣ የአንጎል ደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ከተከማቸ ደግሞ ይሰፉና ግፊቱን ይጨምራሉ። ልኩን የሚያገኘው እየተመላለሰ ሲያይ ነው።

የነርቭ ሐኪሙ ድብቁን የሚጥል በሽታ ይፈልጋል። ፋርማሲስቱ መድኃኒቶቹ እርስ በርስ እንዳይጋጩ ያያል። ለምሳሌ ፌኒቶይን የሚባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት በአፍንጫ ቱቦ ከሚሰጥ ምግብ ጋር ሲገናኝ በሚገባ ወደ ደም አይገባም፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ከሌለ ታካሚው መድኃኒቱን እየወሰደ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ሳንባው እንዳይታፈን፣ መገጣጠሚያው እንዳይደርቅ ይሠራል። የላቦራቶሪ ባለሙያው የሶዲየሙን ውጤት በሰዓቱ ያደርሳል። የጽዳት ሠራተኛዋ ኢንፌክሽን ከአልጋ ወደ አልጋ እንዳይዞር ትጠብቃለች። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል የዝነኛው ሐኪም ድካም ሜዳ ላይ ይቀራል።

🔹 በተማሪዎች እጅ የተጀመረ ሕክምና

«መማሪያ ሊያደርጉብን ነው» ብላችሁ ማስተማሪያ ሆስፒታል ለምትፈሩ አንድ ታሪክ ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ1952 በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን የፖሊዮ ወረርሽኝ ተነሳ። ፖሊዮ ነርቭን ስለሚጎዳ ብዙዎች መተንፈስ አቃታቸው። በብሌግዳም ሆስፒታል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት በጊዜው በነበረው መተንፈሻ መሣሪያ ከታከሙት 31 ሕሙማን 27ቱ ሞቱ።

ያኔ ብዮርን ኢብሰን የተባለ የሰመመን ሐኪም ተጠራ። አንገት ላይ ቀዳዳ ተከፍቶ ቱቦ ይገባ፤ በጎማ ከረጢትም በእጅ አየር ይሰጥ አለ። አሳቡ ሠራ። ግን ከረጢቱን ቀንና ሌሊት ማን ይጨምቀዋል? መልሱ የሕክምናና የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ሆኑ። 1,500 ገደማ ተማሪዎች እየተፈራረቁ፣ አልጋ አጠገብ ተቀምጠው፣ ለሳምንታት በእጃቸው አስተነፈሱ። የሟቾቹ ድርሻ ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ። በሚቀጥለው ዓመት ኢብሰን በዚያው ከተማ በዓለም ከመጀመሪያዎቹ የሚቆጠረውን ጽኑ ሕሙማን ክፍል አቋቋመ።

የአሳቡ ባለቤት አንድ ሰው ቢሆንም ሕሙማኑን ያተረፋቸው ሌሊቱን ያልተኙት እጆች ናቸው።

ቀረብ ያለ ምሳሌ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከሚገኝ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የወጣ ጥናት፣ በነርቭ ጽኑ ሕክምና የሠለጠነ ሐኪም የሚያስተባብረው ቡድን ከመቋቋሙ በፊትና በኋላ የታከሙትን አነጻጸረ። ቡድኑ ከመጣ በኋላ በሆስፒታል ውስጥ የሚሞቱት ቀነሱ፤ የአልጋ ቆይታም አጠረ። ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ባለው ረጅም ጊዜ ግን የሞት ልዩነት አልታየም። ይህን የምጨምረው ቡድን ተአምር እንደማይሠራ እንድታውቁ ነው። ቢሆንም ያን ጽኑ ጊዜ የሚያሻግረው ቡድን ነው።

🔹 «መሣሪያ የለም» እና «ተማሪ ብቻ ነው ያየው»

ሁለቱም ስጋቶች ከመሬት የተነሱ አይደሉም። መሣሪያ ይጎድለናል፤ አልጋም ይጎድለናል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነውን የቦሊቪያና የኢኳዶር ጥናት እዩ። ከባድ የጭንቅላት ጉዳት የደረሰባቸው 324 ሰዎች በሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን ራስ ቅል ውስጥ በሚገባ የግፊት መለኪያ ተመርቶ ታከመ፤ ሌላው በተደጋጋሚ ምርመራና በሲቲ ስካን። ከስድስት ወር በኋላ በውጤታቸው ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ይህ መሣሪያ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ሁለቱም ወገኖች በጽኑ ሕሙማን ክፍል በቅርብ የሚከታተላቸው ሰው ነበራቸው። መሣሪያው በሌለበትም ተግቶ የሚመረምር ቡድን ብዙ ሊሠራ እንደሚችል ግን ያሳያል።

ተማሪን በተመለከተ፦ በማስተማሪያ ሆስፒታል አንድን ታካሚ ኢንተርኑ ያያል፣ ሬዚደንቱ ያያል፣ ሲኒየሩ ያያል። ኢንተርኑ ሌሊት ያየውን ጠዋት በራውንድ ላይ በሁሉም ፊት ያቀርባል፤ «ለምን ይህን አደረግህ?» ተብሎ ይጠየቃል። አንዱ ያለፈውን ሌላው የሚይዝበት ዕድል እዚህ ላይ ነው። በአገራችን የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን የማሠልጠኑ ሥራ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው ከኖርዌይ ቤርገን ከመጡ ሐኪሞች ጋር በመተባበር ነው። ዛሬ በግል ሆስፒታል ወረፋ የምትይዙላቸው ሐኪሞች ብዙዎቹ የበሰሉት በማስተማሪያ ሆስፒታል አልጋ አጠገብ ነው።

«ሲኒየሩ አይቶታል ወይ? መቼ ነው የሚያየው?» ብሎ መጠየቅ ግን መብታችሁ ነው። የሚቆጣችሁ ሊኖር አይገባም።

🔹 ሆስፒታሎቻችንም ይስሙ

ይህን ሁሉ ስል ሆስፒታሎቻችን ቡድን ሆነው እየሠሩ ነው ማለቴ አይደለም። ብዙ ጊዜ ባለሙያዎቹ አሉ፤ ቡድኑ ግን የለም። ኢንተርን በነበርኩበት ጊዜ፣ ስሙን በማልጠቅሰው ሆስፒታል፣ አንዲት እናት በአንድ ቀን ሦስት መልስ ሲሰሙ አይቻለሁ። የቀዶ ሕክምናው ክፍል «ኦፕራሲዮኑ ጥሩ ሆኗል» አላቸው። የሰመመን ሐኪሙ «እናቴ፣ ሁኔታው ከባድ ነው፤ ይጸልዩ» አላቸው። ነርሷ «እኔ መናገር አይፈቀድልኝም፤ ሐኪሙን ይጠይቁ» አለቻቸው። ሦስቱም አልዋሹም። የፈሰሰው ደም በሚገባ ወጥቷል፤ ሳንባው ግን ኢንፌክሽን ይዞታል፤ ነርሷም እውነትም አይፈቀድላትም ነበር። አንድ ላይ አስቀምጦ የነገራቸው ሰው ስላልነበረ እናትየዋ የተረዱት «እየዋሹኝ ነው» ብለው ነው። በማግስቱ ፈርመው ልጃቸውን አስወጡ።

ስለዚህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሚመለከታቸው ሁሉ ነርሷንና ፋርማሲስቱን ጨምሮ በቀን አንድ ጊዜ አንድ አልጋ አጠገብ አብረው ይቁሙ፤ የዕለቱ ዕቅድም በአንድ ወረቀት ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ለቤተሰብ በየቀኑ በታወቀ ሰዓት፣ በአንድ የታወቀ ሰው አፍ ይነገር። ሦስተኛ፣ አንጎሉ የተጎዳ ሰው መያዝ የለመደች ነርስ በየጊዜው ወደ ሌላ ክፍል አትዛወር፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ታካሚ በላይም አይጫንባት። የመጨረሻው በጀት ይጠይቃል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን የሚጠይቁት ፈቃደኝነት ብቻ ነው።

🔹 እናንተም የቡድኑ አባል ናችሁ

👉 አንድ ተወካይ ምረጡ። አሥር ዘመድ አሥር ሐኪም ሲጠይቅ አሥር ወሬ ይፈጠራል። አንድ ሰው ይጠይቅ፤ በደብተር ይጻፍ፤ ለሌላው ያስረዳ።

👉 መረጃ ይዛችሁ ኑ። የሚወስዱትን መድኃኒት ከነፌስታሉ አምጡ፤ በተለይ ደም የሚያቀጥኑትን እንደ ዋርፋሪን ያሉትን። ስትሮክ ከሆነ ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆነው የታዩበትን ሰዓት ተናገሩ። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ባለበት ቦታ በአብዛኛው የሚሰጠው በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ስለሆነ ያቺ ሰዓት ትልቅ ዋጋ አላት።

👉 ሳይፈቀድ በአፍ ምንም አትስጡ። ውኃም፣ አጥሚትም፣ ሾርባም። ጸበል ወይም ዘምዘም ይዛችሁ ከሆነ ለነርሷ ንገሯት፤ ግንባር ወይም እጅ መቀባት ይቻል እንደሆነ ትነግራችኋለች። መዋጥ የማይችል ሰው አፍ ውስጥ የገባች ጠብታ ግን ወደ ሳንባ ልትሄድ ትችላለች። እምነታችሁን የሚነካ የለም፤ የምንፈራው ለሳንባው ነው።

👉 አነጋግሯቸው። ስማቸውን ጥሩ፤ ማን እንደሆናችሁ፣ ቀኑ ምን እንደሆነ በለሆሳስ ንገሯቸው። እጃችሁን ሳትታጠቡ አትንኩ። ለቅሶውን ከክፍሉ ውጭ አድርጉት።

👉 ወላጆች፣ ዝም አትበሉ። ልጃችሁን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። «ዛሬ አያያዙ ሌላ ነው»፣ «ስጠራው እንደ ትናንቱ አይዞርም» የሚል የእናት ወይም የአባት ቃል ከመሣሪያው ቀድሞ ሊደርስ ይችላል። ካልሰሟችሁ ደግማችሁ ተናገሩ።

👉 ከማዛወራችሁ በፊት ጠይቁ። እዚህ የሌለ፣ እዚያ ያለ ነገር ምንድን ነው? አልጋውና መተንፈሻ መሣሪያው በእርግጥ ተይዟል ወይ? በአምቡላንስ አብሮ የሚሄደው ባለሙያ ማን ነው? መንገድ ላይ የሚወርድ ኦክስጅንና የደም ግፊት ያንኑ ሁለተኛ ጉዳት ያመጣል። ግልጽ ምክንያት ካለ፣ ለምሳሌ ያላችሁበት ሆስፒታል ሲቲ ስካን ወይም ቀዶ ሐኪም ከሌለው፣ መዛወሩ ተገቢ ነው፤ ያውም በፍጥነት። «ስሙ ትልቅ ነው» ብቻውን ግን ለመዛወር ምክንያት አይሆንም።

🔹 ስለ ተስፋና ስለ እውነት

በመጀመሪያዎቹ ቀናት «ይነቃል ወይ?» ስትሉን ቁርጥ ያለ መልስ ብናጣ አትዘኑብን። ማስተኛ መድኃኒት፣ ትኩሳት፣ የጨው መዛባት ሁሉ ሰውን ከሆነው በላይ የተጎዳ ሊያስመስሉት ይችላሉ። አንጎሉ እጅግ ከባድ ጉዳት ለደረሰበት ሰው የመጨረሻ ውሳኔ ከመወሰኑ በፊት በአብዛኛው ቢያንስ 72 ሰዓት ታክሞ እንዲታይ የሙያው ማኅበራት ይመክራሉ። በመጀመሪያው ቀን «በቃ፣ ውሰዱት» ከተባላችሁ ሲኒየሩን፣ ከተቻለም መላውን ቡድን ለማነጋገር ጠይቁ።

በሌላ በኩል ቡድኑ ሁሉን ሞክሮ፣ ቀናት ቆጥሮ፣ በአንድ ቃል «የሚመለስ አይመስለንም» ቢላችሁ፣ ቤታችሁን ሸጣችሁ በሌላ ከተማ ሌላ ስም ከመፈለጋችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ ስሙት። ጥያቄያችሁን ሁሉ ጠይቁ። ለቀሩት ልጆች፣ ለእናት የሚያስፈልገውን ቤት ጠብቃችሁ፣ የምትወዱትን ሰው እጁን ይዛችሁ መሰናበትም ፍቅር ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ «ጥሩ ሐኪም ጠቁሚን» ብላችሁ ስትጽፉልኝ ይህን ጽሑፍ እልክላችኋለሁ። ከዚያ «ከቡድኑ ጋር የምትነጋገሩት በስንት ሰዓት ነው? ምንስ አሏችሁ?» እላችኋለሁ። ከዚያ እንጀምራለን።

ሕመምተኛ ላለበት ቤተሰብ ሁሉ ፈጣሪ ምሕረቱን ይላክ። በአይ ሲ ዩ በር ላይ ተቀምጦ ለሚጠብቅ ሰው ሊጠቅም ይችላልና ሼር አድርጉት። ጥያቄ ካላችሁ በአስተያየት መስጫው ጻፉልኝ።

ጤና ይስጥልን።